የግራ ተረከዝ

ኅዳር 8

ሁለት በርና አንድ ብፌ ጨረስን። የወልቂጤ አቧራ ዛሬም ቫርኒሹ ላይ አረፈ። ነገ እንደገና መቀባት ሊኖርብኝ ነው። ማታ እህቴ አዛለች ከአገና ደወለች። የእማዬ ቤት ጣራ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል። "ለሰው ጣራ ትመታለህ፤ የእናትህ ቤት ኩሬ ሆነ" አለችኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኳት።

ታኅሣሥ 5

እስክሪብቶ የያዝኩት ዛሬ ነው። ያውም በጀርባዬ ተኝቼ።

አገና የሆነው ይህ ነው። ለመወጣጫው አንድ ሳንቃ ጎደለኝ። ከአጥሩ ጋር ተደግፎ የቆመ አየሁ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት የፋቀችበት ሳንቃ። ከሞተች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ማንም አልነካውም። ከላይ በኩል ተረከዟን ስታሳርፍበት የጎደጎደ ቦታ አለው።

"እሱን ተው። የእማዬ ነው" አለች አዛለች።

"እንጨት እንጨት ነው" አልኳት።

አንጥፌ ወጣሁበት። አልተሰበረም። ተንሸራተተ… ወይስ? ሰው ከሥሬ እንደሳበው ነው የሄደው። ድንጋይ ላይ በወገቤ ወደቅኩ።

ዲስክ ወጥቷል፣ ነርቭ ተጭኗል አሉኝ። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች አለ፤ ግን የለም። ብወጋው አይሰማኝም። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልነቃ ኦፕራሲዮን ነው።

"ከዚያ በኋላ ጣራ ላይ እወጣለሁ?" ስለው ሐኪሙ መልሶ ራጁን አየ።

ጣራ ላይ ካልወጣሁ ምን ነኝ?

ታኅሣሥ 14

ቡታጅራ። ለጊዜው እዚሁ ክፍል ይዘናል፤ እኔና ሚስቴ ሕይወት። እሷ ባትኖር ማን ያነሳኝ ነበር?

እዚህ አንድ ክሊኒክ የቻይናውን መርፌና ፊዚዮቴራፒ አንድ ላይ ይሰጣል። መርፌውን የሚወጋው ይድነቃቸው ነው። ቻይና የተማረ፣ ዝምተኛ። እንቅስቃሴውን የምታሠራው ባሂራ ናት። የመስቃን ልጅ፤ አፏ አያርፍም።

"እሱ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጡንቻውን ያላላል። ከዚያ እኔ ተረክቤ አሠቃይዎታለሁ፣ ጋሽ ግሩም" አለች።

ሕይወት ሳቀች። ከወደቅኩ ወዲህ ገና መሳቋ ነው።

ታኅሣሥ 17

መርፌ። ልምምድ። የወገቤ ሕመም ቀለል አለ። እግሬ… ምንም።

ታኅሣሥ 23

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በቀኝ ጎኔ ተኝቻለሁ። መርፌዎቹ ወገቤ ላይ፣ ከጉልበቴ ጀርባ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ናቸው። ግራ ጉልበቴ ታጠፈ። ተረከዜ ወጥቶ ግድግዳውን ረገጠ። ተጫነ። ላላ። እንደገና ተጫነ።

መርፌው ላይ የሚገጥማት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሽን አለችው። "ይድነቃቸው፣ ማሽኗን ቀንስልኝ" አልኩት።

"ገና አልሰካኋትም" አለ።

ባሂራ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አየችና ሳቋን ለቀቀችው።

"ጋሼ! እንሰት ይፍቃሉ እንዴ?"

"ምን?"

"እናቴ እኮ እንዲህ ነው የምትፍቀው። እንሰቱን ሳንቃው ላይ በተረከዟ ትይዝና በእጇ ትፍቃለች። ብቻ እሷ በቀኝ እግሯ ነው። የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ በቀኝ ናቸው።"

እማዬ በግራ ነበረች። መንደሩ ይስቅባት ነበር።

ታኅሣሥ 26

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አልነገርኩም። ብነግራቸው ተሰብስበው እዚህ ድረስ መጥተው ጸልየው ያስወጡልኛል። ምኑን? ከዚህ እግር ውስጥ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጥር 2

ሕይወት እግሬን ስታጥብ ቆም አለች።

"ይሄን ጥቁር ከየት አመጣኸው?"

ግራ ተረከዜ። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች እግር ላይ የሚቀረው ዓይነት። በሳሙና አሸችው፤ በድንጋይ ፈተገችው። አልለቀቀም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ እንሰት እንሰት ይሸታል። ከዚያ ውሃውን ደፍታ ወጣች።

ያለ እሷ ድጋፍ ከአልጋ ወርጄ አላውቅም እኮ…

ጥር 9

ስቃወመው ይሞታል። ዛሬ ሆን ብዬ አልረግጥም አልኩ፤ እግሬ እስከ መጨረሻው እንደ ግንድ ተጋደመ። ስተወው ይረግጣል።

ባሂራ ግን ደስ ብሏታል። ተረከዜ ላይ ላስቲክ አሰረች። "እንቅስቃሴ ካገኘን በሱው እናሠራዋለን። አብሽር ጋሼ! ነርቭ የሚመለሰው በሚያውቀው መንገድ ነው።"

"እኔ ፍቄ አላውቅም። በኛ አገር ወንድ አይፍቅም።"

"እግርዎ ያውቃል።"

ይድነቃቸው መርፌ እየነቀለ ቀና ብሎ አየኝ።

ጥር 20

ጣቶቼ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። ግን ከረገጠ በኋላ ብቻ። ተራመድ ስለው አይሰማኝም። ባሂራ "በላስቲክ ከዚህ አያልፍም። የምር የሚገፋው ነገር ይፈልጋል" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። አልፈልግም።

የካቲት 1

የካቲት ገባ። ለአዛለች ደወልኩ።

የካቲት 6

አገና። ይድነቃቸው በጠዋት ወጋኝ፤ የላላው ወገቤ ሳይጠጥር በሚኒባስ ደረስን። በምርኩዝ ወረድኩ።

ያው ሳንቃ አጥሩ ጋ ቆሟል። "በወደቅክ ማግስት ልፈልጠው ነበር" አለች አዛለች። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ሰው እንዳያይ የግቢውን በር ዘጋች። ወንድ ሲፍቅ ያየ መንደር አይረሳም። ሕይወት ፊቷን አዙራ ከበሩ ጋ ቆመች። አዛለች እንሰቱን ሳንቃው ላይ ዘርግታ የቀርከሃውን መፋቂያ ሰጠችኝና ወደ ቤት ገባች። ማየት አልቻለችም።

ተረከዜን ጉድጓዱ ላይ አሳረፍኩ። ልክ ነው። የእማዬ እግር እኮ ትንሽ ነበር… እንዴት ልክ ይሆናል?

ፋቅኩ። እጄ አያውቅም፤ እግሬ መራው። ውሃው በሳንቃው ወረደ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። በልጅነቴ ከእንቅልፌ ስነቃ የምሰማው ድምፅ።

አዛለች ከቤት ውስጥ ሆና፦

"እማዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?"

እጄን አቆምኩ።

ድምፁ አልቆመም። ሁለት ረጅም… አጭሩ ሳይመጣ ጸጥ አለ።

አዛለች ብርጭቆ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔን አየች። ሳንቃውን አየች። ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

ስነሳ ምርኩዜን ረሳሁት። እስከ ግቢው በር ሄድኩ። ሕይወት እያለቀሰች ነበር፤ ደስታ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም።

የካቲት 24

ሐኪሙ መዳፉን ከግራ እግሬ ሥር አድርጎ "ግፋ" አለኝ። ገፋሁት። ወደ ኋላ ሄደ። ኦፕራሲዮኑ ቀረ።

"ምን አደረግክ?"

"መርፌና ስፖርት" አልኩ። ውሸት አይደለም።

የካቲት 27

ቡታጅራ፤ የመጨረሻው ቀን። ባሂራ "ማሻአላህ!" እያለች ኮሪደሩን አመላለሰችኝ። ይድነቃቸው ወጋኝ። እግሬ አልተነቃነቀም። ይድነቃቸው ቆሞ ጠበቀ። ምንም።

"ሄደች" አለ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። ተረከዜ እንደጠቆረ ነው።

መጋቢት 19

ወልቂጤ። የመጀመሪያው ጣራ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "ጋሽ ግሩም፣ እርስዎ ከታች ሆነው ይዘዙ" አሉኝ። እምቢ አልኩ።

ድሮም የምወጣው በቀኜ ነው። ዛሬ ግራዬ ቀደመ። ተረከዙን የመወጣጫው ሳንቃ ላይ አሳረፈ። ተጫነ። ላላ። ተጫነ። እኔ አላዘዝኩትም።

ከዚያ ወረደ። ላነሳው ብል አልነሳም አለ።

"ደከመዎት?" አለኝ አንዱ ከላይ።

ሳንቃውን አስገለበጥኩት። ከሥሩ ዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

"እንዴት አወቁ?"

"ሌላ አምጡ" አልኩ።

አመጡ። ግራ እግሬ ቀድሞ ወጣ።