ታላቅና ታናሽ አንድ ክፍል እንዳይገቡ

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ

ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው አለኝ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ትናንት ሃምሳ ስድስት ብሎኝ ነው የተኛው፤ ሲያድር ሁለቱን ትራሱ በላቸው። እኔ ልጅ ነው የወለድኩት ወይስ ወንፊት?

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ግርማ ከሦስተኛ ክፍል ወደቀ። የጣለው ሒሳብ ነው። እህቱ ሂሩት ደግሞ ሁለተኛን አልፋለች። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ታላቅና ታናሽ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ነው። ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ "ታናሹ ደረሰችበት" ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ ልጁ ሚስት እስኪያገባ አይለቀውም።

ዳይሬክተሩን ደጅ ጠንቼ የፊታችን ሰኞ ለብቻው ሊፈትነው እሺ ብሎኛል። ካለፈ አራተኛ ይገባል፣ ካላለፈ ይደግማል። "ክረምቱን እቤት ስታስጠኚው የከረመ ልጅ መቼም አያቅተውም" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። እኔ ቢሮ ስተይብ ስውል እሱ ከመገናኛ በታች ባለው ሜዳ ጭቃ ለጭቃ ኳስ ሲያባርር ነው የከረመው። አባታቸው እንደሆነ ከባድ መኪናውን ይዞ አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። ሲመጣ የሚሰማው ወሬ በእኔ እጅ ነው ያለው።

ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች ሰብሬ፣ ጥቁሩን በውኃ በጥብጬ የቁም ሳጥኑን ጀርባ ቀባሁት። ጥሩ ሰሌዳ ወጣው። እጄ ግን ታጥቦ ታጥቦ አልለቅ ብሏል።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

እኛ የተማርንበትን ዘዴ ጀመርኩ። የልጅነት የሒሳብ መምህራችን ጥያቄውን ይጥላል፤ ያወቀው ያላወቀውን በጥፊ ያጮለዋል። መምህሩ ራሱ እጁን አያነሳም ነበር። በጓደኛ እጅ መመታት ስለሚያንገበግብ ሁላችንም እንደ ዳዊት ደጋሚ ስናነበንብ ነበር የምንውለው። ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ፊት ለፊት አቆምኳቸው። ስድስት ጊዜ ዘጠኝ? ሂሩት አፏ ፈጣን ነው፣ ቀደመችው። "በይ ምቺው" አልኳት። ጉንጩን ዳበስ አደረገችው። ዝንብ እንኳን በዚያ አይነሳም። ጭራሽ ሁለቱም ኪኪኪ አሉ!

ጥፊ ምን እንደሚመስል በግርማ ጉንጭ ላይ አሳየኋት። ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሥራ ተሠራ።

ነሐሴ 10፣ ሐሙስ

ቢሮ የውይይት ክበብ ነበረን። ሰብሳቢው ያን ሁሉ ሰው ዘሎ እኔን፦ "ጓድ ሙሉ፣ ባለፈው ሳምንት የተወያየንበትን ብታስረጂን" አለኝ። ተነሳሁ። የመጣልኝ ስምንት ጊዜ ስምንት ብቻ ነው። ተንተባተብኩ፤ ሰዉም ጫማ ጫማውን አየ። "ጓድ ሙሉ በንቃት ወደ ኋላ ቀርታለች" ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃለ ጉባኤውን የምተይበው ደግሞ እኔው ነኝ። "ቀርታለች" የሚለው ላይ ስደርስ ማሽኑን እንዴት እንደደበደብኩት እግዜር ይወቅ።

ዝናብ ወቅቶኝ ቤት ገባሁ። ከብሽቀቴ ሳልወጣ ልጆቹን አቆምኩ። ግርማ አላወቀም። ሂሩትም "አላውቅም" አለች። ሌላ ጠየቅሁ፣ አሁንም "አላውቅም።" ማንም አላወቀ፣ ማንም አልተመታ። እሷም ወንፊት ሆነችብኝ ማለት ነው? ሁለት ወንፊት ይዤ ምን ልሆን ነው?

ነሐሴ 11፣ ዓርብ

ደረስኩባት!

ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጥቷል ተብሎ ከሂሩት ጋር ተሰለፍን። አጥሩ ለአብዮት በዓሉ አዲስ ቀለም እየተቀባ ነው፤ ቀለሙ እንዳይነካን ተጠጋግተን ቆመናል። መሰልቸቱን ለመርሳት ያህል አስመስዬ ዘጠኝ ጊዜ ሰባት አልኳት። ስልሳ ሦስት። ስምንት ጊዜ ስድስት? አርባ ስምንት። እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ተንጣጣች። ከዚያ ትዝ አላትና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"ጉንጩ ቀልቶ ነበር እማዬ። አሳዘነኝ።"

እሷም እኔን አሳዘነችኝ፣ አልዋሽም። ግን ሰኞ አንጀት አይጠይቅም። ማታ አዲስ ደንብ አወጣሁ፦ ሂሩት እያወቀች አላውቅም ካለች ግርማን የምመታው እኔ ነኝ፤ የእኔ እጅ ደግሞ ከእሷ ይከብዳል። ገባት። እያለቀሰች ትመልሳለች፣ እያለቀሰች ትመታዋለች። አሁን በደንብ ነው የምትመታው። እሱ አያለቅስም። ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ሲተኙ እንደ ወትሮው ተቃቅፈው አልተኙም። ግርማ ፊቱን አዙሮ ነው።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ወይዘሮ ከድጃ ድምፅ ሰምተው መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሲቆጡም ቀስ ብለው ነው።

"ሙሉዬ፣ ምነው እቴ፣ ወንድምና እህት እያጋደልሽ?"

"እያስጠናሁ ነው እኮ።"

"ጥፊውን ነዋ የሚያጠኑት።"

ልጆቻቸውን እዳር ያደረሱ ሰው ናቸውና በአፌ እሺ አልኳቸው። በሆዴ ግን እርስዎ ሰኞ ፈተና የለብዎትም አልኩ። ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ተአምር ሆነ። ሰባት ጊዜ ስምንት ብዬ ሳልጨርስ ግርማ "ሃምሳ ስድስት!" አለ። ሂሩት ለመቅደም አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዘጠኝ ጊዜ ስድስት? አሁንም እሱ። አራት ጊዜ ሰባት? እሱ። ሳምንቱን ሙሉ ያላየሁት ፊት አየሁበት።

"በል ተራህ ነው። እንደ ወንድ!" አልኩት።

እህቱን አያት። እሷ ፈገግ አለችለት፤ ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ወደ ኋላ ወስዶ ሳምንቱን በሙሉ አንድ ላይ መለሰላት። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮሃሉ፤ የሱም እንደዚያው ጮኸ። ሂሩት ግራ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች።

እኔ አጨበጨብኩ። ይኼንንም ልጻፈው፤ አጨበጨብኩ።

ነሐሴ 13፣ እሁድ። ቡሄ

የሂሩት ትራስ ላይ ቢጫ ነገር ደርቋል፣ ቀላ ያለም አለበት። ጆሮዋ ውስጥ ውኃ የገባ ይመስለኛል አለች። ጤና አዳም ጨምቄ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ጮኸች። ይለቅሻል አልኳት።

በር ላይ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች መጥተው ግርማን ጠሩት። አልወጣም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በገመድ አስሬው እንኳ አይቀርም ነበር። እሰየው ብዬ ሰሌዳው ፊት አቆምኩት። አንድ አልሳተም። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። ስጨርስ ግን፦ "አሁን ማንን ልምታ?" አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ልቆጣው ነበር፤ ፊቱን ሳየው አላሾፈም።

ሂሩት ድርሻዋን ሙልሙል አልነካችውም። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይ? ዛሬ እሁድ ነው። ነገ ደግሞ ፈተና ነው። ማክሰኞ ከቢሮ አስፈቅዳለሁ። ጆሮ መቼም የትም አይሄድም።

ነሐሴ 14፣ ሰኞ

አለፈ! አለፈ! አለፈ!

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አርሞ፦ "ይህ ልጅ ነው እንዴ የወደቀው?" አለ። አራተኛ ክፍል ተመዘገበ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ስወጣ ጭቃው ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የአባቱን ፊት ከወዲሁ እያየሁ ነው የመጣሁት። ለግርማ ከረሜላ ገዛሁለት፤ አንዱን በልቶ ሌላውን ኪሱ ከተተው።

ሂሩት ወይዘሮ ከድጃ ዘንድ ውላለች። ሲያስረክቡኝ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የመለሱት።

ነሐሴ 15፣ ማክሰኞ

ክሊኒክ ሄድን። ግርማም እመጣለሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። የጤና ረዳቱ በመብራት አይቶ የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል አለ።

"እናት፣ ይኼን ቅጠል ማን ጨምሩበት አለዎት?"

የሂሩትን አንገትጌ አስተካከልኩላት።

"ምን አግኝቷት ነው?"

"ወድቃ ነው" አልኩ።

"እኔ ነኝ የመታኋት" አለ ግርማ። "ስላወቅሁ።"

ሰውየው ግርማን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ጻፈ። ሊገጥም ይችላል፣ ላይገጥምም ይችላል፣ ውኃ አታስነኳት፣ ከመስከረም በኋላ መልሰው አምጧት አለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ግርማ የትናንቱን ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው፤ ግን ከሱ ራቅ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ማታ ቀኝ ጆሮዋን ትራስ ላይ አድርጋ ጋደም ባለችበት በግራዋ በኩል ተጠግቼ ጠራኋት። ዞር አላለችም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ፣ አሁንም የለም። ጎንበስ ስል ጥላዬን አይታ ቀና አለች። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየች። ትንሽ አሰበች፣ መልስ ስትፈልግ ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን አዞረችልኝ።

ምንም አልጠየቅኳትም ነበር። "ሂሩቴ" ነው ያልኳት።