ግንቡ ሥር ቁሚ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እማዬ ዛሬም አመለጠችኝ። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ ጎንበስ ብዬ ስጎትት ነው። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ነጠላዋ የለም። ያቺ እጀታዋ የተበጠሰ ጥቁር ቦርሳም የለችም። ሱቁን ለተማሪው ትቼለት ሮጥኩ።

ታሪኩ አስፋልቱ ዳር አግኝቷት ኖሮ በባጃጁ ይዟት እየመጣ ነበር። የሰፈራችን ሾፌር ነው፣ ጌዴኦ ነው፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። “እማማ ‘ግንቡ ጋ አድርሰኝ’ አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ሁለቴ ዞሬ እዚሁ አመጣሁት” አለኝ።

እማዬ ተቆጥታለች። ሱቁን ከላይ እስከ ታች አይታ ይሄ ግንቡ አይደለም አለች። እውነቷን ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ምን ልበላት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ይሄን የምጽፈው ሐኪሙ የምታደርገውን መዝግቢ ስላለኝ ነው። የመርሳት ሕመሟ መድኃኒት የለውም ብሎኛል። መድኃኒት ከሌለው ምን ያስመዘግበኛል? ግን ሐኪም ነው፣ እሺ አልኩት።

ልመዝግብ እንግዲህ። እማዬ ልጅ ሳለች አባቷን መንግሥት ለትምህርት እንግሊዝ አገር ልኮት ነበር። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ መሐሏ ላይ ጉብታ አለ፣ ጉብታው ላይ ያረጀ ግንብ። ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው። ከዚያ ተመለሱ፣ አደገች፣ አባቴን አገባች፣ ዲላ መጥተው ብትን ጨርቅ ሲሸጡ ኖሩ። አባቴ ሲሞት ጨርቁን ትቼ ፎቶ ኮፒና ደብተር አደረግኩት።

ስለዚያ አገር ዕድሜ ልኳን አውርታልን አታውቅም። ለፋሲካ እንቁላል ስትቀቅል ብቻ ትስቅ ነበር። እዚያ ልጆቹ የተቀቀለ እንቁላል ቀለም እየቀቡ ከግንቡ ጉብታ ቁልቁል ያንከባልሉታል፣ ሳይሰበር ታች የደረሰለት ያሸንፋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት እኛን ለማሳቅ የፈጠረችው ይመስለን ነበር። ምግብ መሬት ላይ የሚጥል አገር አለ ቢሉን ማን ያምናል?

አሁን ምሳ መብላቷን ትረሳና ያንን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ትቆጥርልኛለች። አንደኛው ማማ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ቁራ ይኖራል። አስተማሪዋ የነገረቻትን ታሪክ ሳይቀር ታውቀዋለች፦ ድሮ በጦርነት ግንቡ ሲፈርስ የከተማው ሰው ድንጋዩን እየተሸከመ ወስዶ ቤቱንም በረቱንም ሠራበት። ኮፒ ሊያስነሱ የሚመጡ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱባት አጠገቧ ቁጭ ይላሉ። “ማዘር” ይሏታል። እሷም እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ እያወራች ታርማቸዋለች። ያኔ ደስ ይላታል፣ እኔም እፎይ እላለሁ።

የከተማዋ ስም ግን ጠፍቷታል። ስልኬ ላይ የእንግሊዝ ግንቦችን እያወጣሁ አሳየኋት። ወይ ጉድ፣ ያ አገር በየጉብታው ግንብ ነው። አንዱንም አላወቀችው። “ይሄ የሰው ነው” እያለች ስልኩን ትመልስልኛለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

እስካሁን የሞከርኩት።

በሩን ቆለፍኩ። እጇ እስኪላጥ ደበደበችው፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እናቷን አሠረች ተባልኩ።

ስልክ ቁጥሬን የነጠላዋ ጥለት ላይ ጠለፍኩት። ቁጭ ብላ በጥርሷ ተረተረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትነግድ ኖራ የእኔን ጥልፍ አታሸንፍም?

ጠበል ወሰድኳት። ውሃው ሲነካት በእንግሊዝኛ በረደኝ ብላ ጮኸች። የፈረንጅ መንፈስ ነው ተብሎ ሰው ተጋፍቶ ከበበን። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው “ማን ነህ?” ሲሏት ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀጥላም “ክፍል ሁለት” አለች። ሳቄ መጣ። እዚያው ደግሞ አለቀስኩ።

እትዬ ዘይነባ፣ ከጎኔ ሻሽና ሽቶ የምትሸጠው፣ አትከራከሪያት፣ ወዴትም ብትል አብረሻት ሂጂ ትለኛለች። እሺ፣ አብሬያት ልሂድ። እንግሊዝ አገር ልሂድ? ሱቁንስ ማን ይክፈተው? እንዲህ ስላት ብርቱካን ልጣ ለእማዬ ሰጠቻት።

ማታ ዳዊት ከአዲስ አበባ ደወለ። እሑድ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ሚስቱ ነርስ ናት፣ ኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ አለው። “እታለም፣ ብቻሽን አትችይም” አለኝ። ቅዳሜ እነግርሃለሁ ብዬ ዘጋሁበት። አልችልም እኮ፣ አውቃለሁ። ግን እናቴን አሳልፌ ሰጥቼ በማግስቱ ተነሥቼ ሱቅ የምከፍተው በምን ልቤ ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 6



ጠዋት ጸጉሯን አበጥሬላት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የለችም። ታሪኩ አላያትም። ሌሎቹ ባጃጆችም አላዩዋትም። ዝናቡ መጣ። ወንዙ ዳር ወረድኩ፣ ገበያ ገባሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ምን ለብሳለች ሲለኝ የቀሚሷ ቀለም ጠፋኝ። ያለበስኳት እኔ ነኝ! እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩና መነሣት አቃተኝ። ወደየት ብዬ ልነሣ?

ያገኛት ታሪኩ ነው። መናኸሪያ ድረስ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ሲጠይቅ፣ እሷን የማያውቅ አንድ አዲስ ባጃጅ ነጂ ጭኛት ነበር አለ። አንዲት ንጹሕ እናት እንግሊዝኛ እየተናገሩ ጉብታ ላይ ያለውን ያረጀ ድንጋይ አሳየኝ አሉኝ ይላል። ታዲያ የእኛ አገር ሰው እንግሊዝኛ የሚናገር እንግዳ ድንጋይ ሲጠይቀው የት ሊወስደው ነው? ወደ ትክል ድንጋዩ ነዋ። ከውጭ የመጣች መስላው ወናጎ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ፣ እንግዳ ናትና ትክል ድንጋዩ ጋ አድርስልኝ ብሎ ለረዳቱ አደራ ሰጥቷል። እንዴት ልቆጣው? አክብሮ ነው የላካት።

ከታሪኩ ጋር በባጃጁ ሄድን። ከወናጎ ወደ ላይ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፣ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። ስንደርስ እንሰቱ መሐል ድንጋዮቹ ቆመዋል፣ ግማሹ ወድቋል፣ አንዳንዱ ላይ የሰው ፊት ተቀርጿል። እማዬ አንዱን ረጅም ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። የቦታው ጠባቂ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ የኮባ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ከራሷ በላይ ይዘውላታል። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች አሉኝ። ደግሞም ግንቡን አፈረሱት፣ ድንጋዩን ሰው ለቤቱ ወሰደው ብላ ስትናገር ቅር ብሏቸዋል። “እዚህ የሚወስድ የለም። የአባቶች መቃብር ነው” አሉ።

እማዬ አየችኝ። ፊቷ በራ።

“እማዬ” አለችኝ። እኔን። “ብዙ ቆየሽ። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም።”

ባጃጁ ውስጥ ነጠላዬን ሳለብሳት ነገረችኝ። በዚያች ከተማ በገበያ ቀን፣ በሰው ካፖርት መሐል ከእናቷ እጅ ጠፍታ ነበር። እናቷ ቋንቋውን አታውቅም፣ ልጄን አያችሁ ወይ ብላ የምትጠይቅበት አፍ የላትም። ቀኑን ሙሉ እያለቀሰች ስትዞር ውላ አገኘቻት። ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ አለቻት፦ “ከጠፋሽ አትሩጪ። ግንቡ ከሁሉም ቦታ ይታያል። ሄደሽ ግንቡ ሥር ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ።”

ይሄን ያህል ወር እንግሊዝ አገር ልሂድ የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መጥፋቷን ታውቀዋለች። በየቀኑ ጠፋሁ ብላ ነው የምትወጣው፣ የሚያገኛትን ፍለጋ። እኔ ደግሞ በር እቆልፍባታለሁ።

ታሪኩ ወደ ኋላ ሳይዞር ዓይኑን ይጠራርግ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዝናቡ ገብቷታል። ትኩሳት አላት፣ ታስላለች። ሾርባ በማንኪያ ስሰጣት አፏን እንደ ልጅ ትከፍታለች፣ ግን ዛሬ ማንም አይደለሁም፣ እናቷም ልጇም አይደለሁም።

ትናንት ባትገኝስ? ማታ እዚያ ብታድርስ? ይሄ ሐሳብ እንደ ጥርስ ሕመም ቀኑን ሙሉ አልተወኝም። ለዳዊት ደወልኩና ናና ውሰዳት አልኩት። ደግ አደረግሽ አለኝ። ደግ ያደረግኩ አልመሰለኝም። ተሸነፍኩ እንጂ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ሄደች።

ዳዊት በመኪና መጣ፣ ግንባሯን ሳመ፣ አለቀሰ። የግንቡን ነገር ነገርኩት። ስትጠፋ ከሩቅ የሚታይ ያረጀ ድንጋይ ነው የምትፈልገው፣ ከወጣች እዚያ ፈልጋት አልኩት። እሺ እሺ አለ፣ ዘበኛ እኮ አለ እታለም። እየሰማኝ አልነበረም፣ ሻንጣውን እንዴት እንደሚያስገባ እያሰበ ነው።

እማዬ ሳታንገራግር ገባች። እኔ ነበርኩ እንድታንገራግር የፈለግኩት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ያዘችና “ስለ መስተንግዶው እግዜር ይስጥልኝ። ልጆችዎን ሰላም ይበሉልኝ” አለችኝ። አንቱ ብላኝ። ልጅ የለኝም እኔ። እሷ ናት ያለችኝ።

ጥቁሯ ቦርሳ ወንበሩ ላይ ቀርታለች። ያየሁት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

እስከ ረፋድ ተኛሁ። ስንት ወር እንዲህ አልተኛሁም። ስነቃ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ሁለት ተማሪዎች ማዘር የለችም እንዴ ብለው መጡ። ፈተና ሊደርስባቸው ነው፣ ሊለማመዱ። ወንድሟ ጋ ሄደች አልኳቸው። ወንድሟ! ልጇ ማለቴ ነው። እኔም ጀመረኝ መሰለኝ።

እትዬ ዘይነባ ምሳ አመጣችልኝ። ብይ ብቻ አለች፣ ሌላ አላለችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከሰዓት ዳዊት ደወለ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ። እማዬ ጠዋት ወጥታ አልተመለሰችም። ዘበኛው ለሌላ መኪና በር ሲከፍት ነው።

እኔ ዲላ ነኝ፣ እሷ አዲስ አበባ። ስልክ ይዤ ሱቁ ውስጥ ከመሽከርከር በቀር ምን አደርጋለሁ? መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። ነገርኩህ አይደል ልለው አፌ ላይ ደረሰና ተውኩት፣ እያለቀሰ ነው።

“ዳዊቴ ስማኝ። ከቤትህ ስትወጣ ከሩቅ የሚታይ ምን አለ? ያረጀ፣ ድንጋይ የሆነ።”

“አዲስ አበባ እኮ ነው! ሁሉም ነገር ይታያል፣ ሁሉም ፎቅ ነው!”

ፎቁን ተወው አልኩት። ድንጋይ። ጉብታ ላይ። ከኮንዶሚኒየሙ በላይ ጉብታው ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቅጥሩ የድንጋይ ነው አለኝ። ሂድ አልኩት።

መልሶ እስኪደውል የሆነውን አልጽፈውም። እትዬ ዘይነባ ሱቋን ዘግታ መጥታ እጄን ይዛ ተቀመጠች፣ እሷ በራሷ እኔ በራሴ እንጸልያለን።

አገኛት። የቅጥሩ ድንጋይ ሥር ቆማለች። ግን አልሄድም አለችው። አላውቅህም አለችው። ሲጎትታት ሰው ተሰበሰበ፣ የማያውቃትን አሮጊት ያስቸግራል ብለው ሊደበድቡት ነበር። ግራ ሲገባው ደወለልኝና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገው። ትንፋሿን ሰማሁ።

“ልጄ” አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። “ጎበዝ። ሳትሮጪ ቆምሽልኝ።”

በትንሽ ድምፅ፣ “የት ነሽ?”

“መንገድ ላይ ነኝ። ያ ሰውዬ እኔ የላክሁት ነው። ዛሬ እሱ ቤት እደሪ፣ እኔ ነገ እመጣለሁ።”

“ግንቡን ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ። ከሁሉም ቦታ ይታያል።”

አብራው ሄደች። ዳዊት ከመኪናው ሆኖ፣ እጁን ይዛለች አለኝ።

ለጠዋቱ አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። የሱቁ ቁልፍ እትዬ ዘይነባ ጋ ነው። ይዣት ልመለስ ነው ወይስ እዚያው ልቀር፣ እኔ አላውቅም፣ ዳዊትም አልጠየቀኝም። ነገ ስታየኝ ማን እንደምሆንላትም አላውቅም። ቦርሳዋን አዘጋጅቻለሁ፣ ለመንገድ እንቁላል ቀቅያለሁ። እናቷ እመጣለሁ ብላ ቀርታ አታውቅም ነበር።