ሳትጠራ የተመለሰች ልብ

ፋያዎ፣ ኅዳር 9 ቀን 2567 (በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር)

ለምወድህ ልጄ ለሲንግካም፣

የኮሪያ ብርድ እጆችህን እንዳይሰነጣጥቃቸው የላክሁልህን ቅባት እየተቀባህ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው በስልክ «ልቤ አንዳንዴ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች» ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ጊዜ ያልነገርሁህን አሁን እጽፍልሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከመደወልህ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ባቄላዬን ስኮተኩት ራሴን ስቼ ወድቄ ነበር። ጎረቤቶች «ነፍሷ ደንግጣ እዚያው ቀርታለች» አሉ። ነፍስ የሚጠራው አያ ካምሙን የዓሣ መረቡን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሩዝ ይዞ መጣ፤ እንደ ደንቡ ነፍሴን ከወደቅሁበት አፈር ላይ በመረቡ ሊቀዳ።

«በዚህ መረብ ከሐይቁ አንድ ዓሣ ስታወጣ አይቼህ አላውቅም» አልሁት።

«ዓሣስ ይሸሻል። የአስተማሪን ነፍስ ግን ማን ደፍሮ ያስጠጋታል? መሄጃ የላትም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ነይ፣ ወደ ቤትሽ ነይ» እያለ ደጋግሞ ቀዳ። ከዚያም ነፍሴ ዳግም እንዳትሄድ በሁለቱ እጆቼ አንጓ ላይ ነጭ ክር አሰረልኝ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ልወስድ ሆስፒታል በሄድሁበት ቀን፣ ወረፋ እንደያዝሁ ደግሜ ወደቅሁ። ነርሷ ፒምዳው አጋደመችኝና የልብ ምት መመዝገቢያውን መቆንጠጫዎች አመጣች።

«እማማ፣ ይሄ ክር ይቆረጥ።»

«የነፍስ ክር በመቀስ አይቆረጥም። እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«አስተምራኛለች። እሷ ግን እንደ እርስዎ ወረፋ ላይ አትወድቅም» አለችና ክሩን ቀስ አድርጋ ወደ ክንዴ ገፋችው።

ልጄ፣ የልቤን መስመር አየሁ። ከማሽኑ ሲወጣ እንደ ጥሩ ተማሪ ጽሕፈት እኩል እኩል ሆኖ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቆመ። ቀጥ ያለ ባዶ መስመር፤ ምንም የለበትም። ቀጥሎ ማንም ሳይነካት አንዲት ምት ብድግ አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

«እዚህ ጋ የት ሄዳ ነው?» ብዬ ባዶውን ቦታ በወረቀቱ ላይ እያሳየሁ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«የትም አልሄደችም፣ እማማ። ምት የሚያስጀምረው የልብ ክፍል ደክሞት ነው። የልብ ምት መዛባት ከቫይረሱ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል፤ በወጣቶችም ላይ እናያለን። መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።»

«ታዲያ ማን መለሳት?»

ሐኪሙ ወረቀቱን ደግሞ አየው። «ራሷ» አለ።

ራሷ። አያ ካምሙን መረቡን ይዞ አጠገቤ አልነበረም። አባትህን ጨምሮ የመንደሩ ወንዶች በዚሁ በሽታ ባለቁበት ዘመን አንተን በሆዴ ይዤ ነበር፤ ይህች ልብ ያን ጊዜ ለሁለታችን ስትመታ ነበር። ስንት ጊዜ ቆማ፣ ስንት ጊዜ ሳትጠራ እንደተመለሰች ማን ያውቃል? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ ቤተ መቅደስ የገባሁ ይመስለኛል። አንተ ቫይረሱን ከእኔ ይዘህ የተወለድህ ልጅ ነህ፤ እንቢተኛ ልብም ከእኔ ሳትወርስ አትቀርም። ግን ልብ እንቢ ማለት የምትችለው እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ ከአንገቴ አጥንት ሥር ትንሽ ማሽን ያስገቡልኛል፤ ልቤ ስትዘገይ ይቀሰቅሳታል። አያ ካምሙን ይህን ሰምቶ «መረቤን በባትሪ ለወጡት» ብሎ አኩርፏል። ለዚህ ብለህ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ። አልፈራሁም። ጽሕፈቴ የተንጋደደው በሆስፒታሉ አልጋ ምክንያት ነው።

ፒምዳው ዛሬ ክሮቹን ሳትቆርጥ በጥፍሯ ፈታችልኝ። አንዱን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሌላ ሰው ይሰርልህ፤ ለራስ አይታሰርም። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። አሠሪዎችህ ቫይረሱን እንዳያውቁብህ እንደምትሠጋ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ማንም በማያውቅህ ከተማ ተመርመር። ክሩ አያስቸግርም፤ ወደ ክንድህ ግፋው።

ኑሮህ እንደ ዛፍ ጥላ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የሠራሁት በጎ ነገር ካለ ለአንተ ይሁን።

ደብዳቤዎችህን በቀይ አርሜ ስመልስልህ እንደምትናደድ አውቃለሁ። አሁን ደብዳቤ አልፈልግም። የልብህን መስመር ላክልኝ። እሱን አላርምም።

እናትህ፣
ቡዋቲፕ