ለፈይሰል ረጅሙን ስጪው

ፌኔት፣
ደገሀቡር የሚወስደኝ ሹፌር ውጭ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው። ማታ ከበርበራ ስገባ ተኝተሽ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ሳልነሳ ትምህርት ቤት ሄደሻል።

ፈይሰል ከሰዓት በኋላ መጥቶ ለሙከራ ከሰጠን ሁለት የማዕበል መንሸራተቻ ሰርፍ ቦርዶች አንዱን መልሶ ይወስዳል። ረጅሙን ስጪው።

አዎ፣ ረጅሙን! ሳሎን ውስጥ ጀሪካኖች ላይ አጋድመን ስንቆምበት ንቅንቅ ያላለውን፣ እኔም "ከዚህ ወዲያ ቦርድ የለም" ብዬ የጮህኩብሽን። በርበራ ባሕሩ ላይ ቆሜበት ስቀዝፍ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ። ጉልበት የማትደርስ ማዕበል መጥታ ልዙር ስል ግን እንደ ጭነት አይሱዙ እምቢ አለኝ፤ አሸዋ ቃምኩ። ያ አጭሩና ሰፊው፣ ጀሪካን ላይ ያንገዳገደን፣ በዚያችው ትንሽ ማዕበል ተነሳ፤ በመቅዘፊያው ነካ ሳደርገው ዞረልኝ። እየጮህኩ ነው ዳር የደረስኩት!

ማን ምን ብላ እንደነበር አሁን አናንሳ፣ ሹፌሩ ቸኩሏል።

የውሃ ቦቴው ዛሬ ይመጣል። ጀሪካኖቹን ውሃ ሙዪያቸው፤ ስለ ባሕር ሁለተኛ አንጠይቃቸውም።

አጭሩን ክፍልሽ ውስጥ አቁሜዋለሁ። ስምሽን በትልቁ ጽፌበታለሁ። የእኔ ከሥር አለ፣ በትንሹ።

እፀገነት