ሳይነኩት የሚወጣው ቀስት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ካፔምብዋ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የባሕር ብርድ ደረትህን ተወት አደረገልህ ወይ? ከመርከብ ስትወርድስ ትኩስ ነገር የሚያቀምስህ ሰው አለ? እኛ እዚህ ኪትዌ ደህና ነን። እማማም ጉልበቷን ትንሽ ቢያማትም አፏ እንደ ድሮው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስምህን ስታነሳ ትውላለች።

ሰሞኑን እኔ ሰው ማመን አቅቶኝ ነበርና ላጫውትህ። እንደምታውቀው ከሥራ ባልደረባዬ ከካሱባ ጋር አለቃችን ባ ሙኩካ ዘንድ የመኪና ጌጥና የቧንቧ ዕቃ ኒኬል እንቀባለን። ዕቃው ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ጥግ ያለው ማሽን ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። እኛ ማሽኑ ድረስ አንሄድም። ከገንዳው አጠገብ ትንሽ ማዞሪያ አለችን፤ ከእሷ በቀጭን ሽቦ ጥቂት ቮልት ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ያ ቮልት ከፍ ሲል ማሽኑ ጉልበቱን ይጨምራል፣ ዝቅ ሲል ይቀንሳል።

ታዲያ ዕቃው ጠርዝ ጠርዙ እየጠቆረ ይወጣ ጀመር። እንዲህ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ሲበዛበት ነው። ባ ሙኩካ ተቆጥቶ «አንዳችሁ ቶሎ ቤት ለመግባት እያጣደፋችሁት ነው። ቺሌሼ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ይህ ካሱባ ግን ካላረፈ ይባረራል» አለ። የካሱባ ሚስት ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ወደ ቤት የሚቸኩለው እሱ መሰለኝ። እኔም ክፉ ክፉውን አሰብኩ፤ በጎን አየው ጀመር። እሱም ያየኛል። የምሳ ንሺማችንን እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተን እንበላ ነበር።

አንድ ቀን ሁለታችንም ዕቃ እየሰቀልን ሳለ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያሳየው የመለኪያው ቀስት ብድግ አለ። ማዞሪያዋን የነካት የለም።

«አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ።»

«እኔ ነኝ ብለሽ ነበር አይደል?»

እያፈርኩ ሄጄ ማሽኑን አጠፋሁ።

ከዚያ ሽቦውን እየዳበስን ተከተልነው። መሃሉ ላይ ሌላ ሽቦ ተቀጥሎበታል፤ አዲስ ነው፣ አቧራ እንኳ አልያዘውም። በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ባ ሙኩካ ቢሮ ይገባል። በመስኮት ባይ ጠረጴዛው ሥር የእኛኑ የመሰለች ማዞሪያ ተሰክታለች። ለካ ሥራው እንዲፈጥንለት የሚጨምረው ራሱ ኖሯል፤ ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ በእኛ ያላክካል።

እኔ ሄጄ ልጮህበት ነበር። ካሱባ «ይክዳል፣ ከዚያ ሁለታችንንም ያባርረናል» ብሎ ያዘኝ። ማሽኑ ፊት ላይ የውጭውን ሽቦ ትቶ በገዛ ማዞሪያው እንዲሠራ የሚያደርግ ማብሪያ አለ። ወደዚያ መለስነውና ልኩን አበጅተን ሥራችንን ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ ባ ሙኩካ ብቅ አለ። ቀስቱን አየ፣ ቢሮው ገባ፣ ተመልሶ ወጣ፤ ቀስቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይህ ማሽን ምን ነካው?» አለ።

ካሱባ ቀና ሳይል «ምንም አልሆነም። እርስዎ ምን አድርገውት ነበር?» አለው።

ባ ሙኩካ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና በሩን ዘግቶ ገባ። ካሱባን ስለማባረር ከዚያ ወዲህ አላነሳም። ዕቃውም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ግን ጋሼ፣ የዚህ ሰው ዝምታ አይጥመኝም። ሰሞኑን ደግሞ ሲያገኘኝ ፈገግ እያለ ስለ እማማ ጤና ይጠይቀኛል፤ ድሮ ጠይቆኝ አያውቅም።

እማማ እቅፍ አድርጋ ትስምሃለች። አክስቴ ሙሌ «እንዳይከሳ» ብላሃለች። ትንሿ ምፑንዱ አሣ ላክልኝ ትልሃለች። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የካሱባ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ስሟን ቺሌሼ ብለዋታል።

እህትህ ቺሌሼ
ኪትዌ፣ ቡቺ ሰፈር፣ ጁን 11 ቀን 2017