ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ነገር

ውድ ልጄ፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት ፖስታውን አገላብጠሽ እይው። ሁለት ጊዜ በሙጫ አሽጌ ማሸጊያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማው መሃል ለመሃል ተቀዶ ከሆነ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነውና ያመጣልሽን ሾፌር ጠይቂው። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ ጨዋ ሰው ነው፤ ቢሆንም ጠይቂው።

አሁን ሳቅሽ ወይስ አልሳቅሽም? ስምንት ወር ሙሉ ድምፅሽን ስላልሰማሁ መገመት እንኳ አቅቶኛል። መደወል እችል ነበር። ግን ባለፈው በስልክ ያልኩሽን ስለማውቀው በዚያው ስልክ ልመለስ አፈርኩ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከቴሌቪዥናችን ነው፤ እባክሽ ታገሺኝ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ የሰው ትኬት ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። ትኬት ተቀብዬ ዝም ብዬ አልመልስም ነበር። ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን አየዋለሁ፣ ጠርዙን በጥፍሬ እሞክረዋለሁ፣ ከዚያ ቀና ብዬ የሰውየውን ፊት አያለሁ። ጡረታ ስወጣ የትኬት መብሻውን ለመሥሪያ ቤቱ መለስኩ፤ አመሉ ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ። እናትሽ በምልክት ቋንቋ ያወጣችልኝ ስም ይኸው እኮ ነው፤ ጣትን ከዓይን ሥር አድርጎ ቆዳውን ትንሽ ወደ ታች መሳብ። «ያ አፍጣጩ ሰውዬ» ማለቷ ነው። ላንቺ ጉንጭሽ ላይ ያለውን ስርጉድ መንካት ሰጠችሽ። የእሷን ደግሞ አንቺ ነሽ ያወጣሽላት፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ የጆሮሽን ጫፍ ይዘሽ ሁለቴ ሳብ ሳብ ስታደርጊ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለማፍርበት ነው። እናትሽ እንደማትሰማ እያወቅሁ አገባኋት፣ ይሄን ያህል ዘመን አብሬያት ኖርኩ፣ ግን በእጄ የማውቀው ውሃ፣ በር፣ ምሳ፣ ገበያ እና ደከመኝ ማለትን ነው። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ አንቺ ነበርሽ መሃላችን ቆመሽ የምታስተረጉሚው። እጃችሁ ሲፈጥን ደግሞ የምታሙኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፣ ታሙኝ ነበር አይደል?

ሰፊውን ቴሌቪዥን የገዛሁት አንቺ ለባንኩ ሥራ ወደዚያ ከተማ በሄድሽ ሰሞን ነው። የዲሹ ዲኮደር አሮጌ ስለነበር ምስሉ በአራቱም ጎን ጥቁር ጠርዝ ይዞ መሃል ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሰፊ ቴሌቪዥን የገዛሁት ጥቁር ለማየት ነው እንዴ? የዲሹ ድርጅት ዙሪያውን እየቆረጠ እያስቀረብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩና ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «ጋሼ፣ አሮጌው ላይ እንደዚያ ነው፤ ኤችዲ ሲያስገቡ ሙሉ ይሆናል» አለችኝ። አሃ! ለካ ሊሸጡልኝ ነው፤ ቆርጠው ያስቀሩትን መልሰው ሊሸጡልኝ። እኔ ነኝ የምሸወድላቸው?

ሪሞቱ ላይ ላይኛው ጫፉ ምስል የሚያጎላ፣ ታችኛው የሚያሳንስ ቁልፍ አገኘሁ። ላይኛውን አንዴ ስጫነው ጥቁሩ ቀጠነ። ሁለቴ ስጫነው ጠፋ። ከዚያ፣ ምናልባት የሸሸጉት ነገር ቀርቶ እንደሆነ፣ ለማንኛውም ብዬ አንድ ጊዜ ጨመርኩበት። ማንም እንዳይነካብኝም ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። በጣም ረክቼ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ደወልሽ። «አባዬ፣ ባንኩን ለቀቅሁ። ቴሌቪዥን ላይ ሥራ አገኘሁ። ከሰኞ ጀምሮ የስድስት ሰዓቱ ዜና ላይ እዩኝ፣ ጥግ ላይ ነኝ።» ለእናትሽ በጣቴ ቴሌቪዥኑን አሳይቼ ጉንጬን ነካሁላት። ገባት። ሰኞ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ የክት ልብሷን ለብሳ ተቀመጠች።

ዜናው ተጀመረ። አንባቢው ከግንባሩ በላይ ተቆርጦ መጣ፤ ድርጅቱን ረገምኩት። አንቺን በአራቱም ጥግ ፈለግንሽ፣ የለሽም። ከታች በቀኝ በኩል ብቻ አንድ ጥቁር ነገር ውር ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ውር ይላል። እናትሽ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ወደዚያ ጠቆመችኝ፣ ከዚያ ጉንጯን ነካች። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁባት። ዲሹ ላልቶ ነው ብዬ ጣራ ላይ ወጣሁና ቡሎኑን ሁሉ አጠበቅሁት። ስወርድ ጥቁሩ ነገር እዚያው ነው። ለድርጅቱ «ምስሉ ጥግ ላይ ብልሽት አለው» ብዬ አመለከትኩ። እናትሽ ግን በየቀኑ ዓይኗን ከዚያ ብልሽት አልነቅልም አለች።

መጠርጠር ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የበር ጠባቂው ነበር። ስምሽን ነግሬው «ዜና ላይ የምትሠራ» አልኩት። «ዜና የሚያነቡትን ሁሉ በስምም በመልክም አውቃቸዋለሁ፣ እንዲህ የምትባል የለችም» አለኝ። አመስግኜው ዘጋሁ። ይኸው፣ ትኬቱ ሐሰተኛ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዳንቺ ደወልኩ።

ያልኩሽን አንቺም አልረሳሽውም፣ እኔም አልረሳሁትም። «የት ነው የምትውዪው? ቴሌቪዥን ላይ የለሽም። ስንቱን አጭበርባሪ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እኔን አታታልይኝም» አልኩሽ። «አባዬ፣ ጥግ ላይ ነኝ እኮ» አልሽኝ። «ጥጉንም አይቼዋለሁ፣ ውሸታም!» አልኩሽ። «እሺ አባዬ» ብለሽ ዘጋሽው። ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላም ልናዘዝልሽ። ከሳምንት በኋላ የእናትሽን ስልክ ከፍቼ መልእክቷን አነበብኩ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ አነበብኩ። «አየሁሽ የኔ ቆንጆ፣ አምሮብሻል፣ በየቀኑ አይሻለሁ» ብላ ጽፋልሻለች። አጠገቧ ተቀምጬ የምውለው እኔ፣ ምንም እንዳላየች አውቃለሁ! ሁለታችሁ ተማክራችሁ አንድ ነገር እየደበቃችሁኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆድሽ እንዳይባባ ብላ እንደዋሸችልሽ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልመጣልኝም። አንቺም እሷ ታየኛለች ብለሽ ተጽናናሽ፣ እሷም አንቺን አጽናናሁ ብላ ዝም አለች። እኔ መሃላችሁ ቁጭ ብዬ ሁለታችሁንም እጠረጥራለሁ።

ባለፈው ወር ድርጅቱ «አሮጌው ዲኮደር አገልግሎቱ ሊቋረጥ ስለሆነ በኤችዲ ይቀይሩ» የሚል መልእክት ላከ። ማስፈራሪያ ነው ብዬ ጎረቤት ዞሬ ጠየቅሁ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ በማግስቱ የሌላ የዲሽ ድርጅት ሻጭ ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ በራችን ላይ ቆመ። ማን ነገረው? እስካሁን አላወቅሁም፤ የላይኛውን ጎረቤት እጠረጥራለሁ።

«አባባ፣ የእኛን ካስገቡ ኳስ ሲያዩ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ነው የሚታይዎት» አለኝ።

«የሰው ላብ ምን ያደርግልኛል?»

«የመጀመሪያው ወር ደግሞ በነፃ ነው።»

በነፃ ሲለኝ ጆሮዬ ቆመ። ከነባሩ ድርጅት ደግሞ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ቴክኒሻን መጣች፤ ቁጥብ ናት፣ ብዙ አታወራም። እሷንም ብዙ የማታወራው ምን ደብቃ ነው ብዬ ጠረጠርኳት። ሁለቱም የፓኬጅ ዝርዝራቸውን ዘረጉልኝ። «ወረቀት አላምንም» አልኳቸው። «ነገ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለታችሁም ዲኮደራችሁን ይዛችሁ ኑ። በአንድ ቴሌቪዥን፣ በአንድ ዜና እፈትናችኋለሁ።» ባለ ቀይ ኮፍያው ሳቀ። ሰማያዊዋ «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች።

መጡ። እሱ ግቢ ውስጥ ጊዜያዊ ዲሽ ተከለ። እሷ መጀመሪያ አሮጌውን ልየው ብላ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ዜናው ጀምሯል።

«ጋሼ፣ የዚህ ሰውዬ ፀጉር የት ሄደ?»

«እናንተ ቆርጣችሁት ነዋ!»

ሪሞቱን አነሳችና አገላበጠችው። «ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?»

«እንዳትነኪው!»

ነካችው። ላጠችውና ታችኛውን ጫፍ ተጫነች። የሰውየው ፀጉር መጣ። ደግማ ተጫነች፣ ጥቁሩ ጠርዝ ተመለሰ። ከታች በቀኝ ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ውስጧ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰች ልጅ በእጇ ዜና ታስተረጉማለች።

ልጄ፣ ያ ጥቁር ነገር ክርንሽ ነበር። ጣራ ላይ ወጥቼ ቡሎን ያጠበቅሁበት፣ ለድርጅቱ ያመለከትኩበት ብልሽት የልጄ ክርን ነበር።

እናትሽ አልጮኸችም። መጀመሪያ ወዳንቺ አየች፣ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት በምልክትም በቃልም የሚያስተረጉመው የለም። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ቴክኒሻኗ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት «ጋሼ፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ።

«ልጄ ናት» አልኳት። «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ልጄ ናት።»

እናትሽ ተነስታ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። በአሮጌው ዲኮደር ጣቶችሽ እርስ በርስ ተደበላልቀው ምንም አይለዩም። ዞራ ዓይኗን ጨፈነችና እጇን አወናጨፈች፤ ይህን እኔም ተረዳሁት፣ አይነበብም ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳኛዋ እሷ ሆነች።

የባለ ቀይ ኮፍያው ተሰካ። ፊትሽ አበራ፣ ስርጉድሽ እንኳ ታየ። እጅሽ ሲፈጥን ግን ጣቶችሽ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘን ተበታተኑ። እናትሽ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እማማ፣ ኳሱን ላሳይዎት» ቢላት መዳፏን ዘርግታ አስቆመችው። የሰማያዊዋ ተሰካ። እያንዳንዱ ጣት ለብቻው፣ ጥፍርሽ ሳይቀር ጥርት አለ። እናትሽ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እያነበበችሽ ነበር።

እኔስ ዝም አልኩ መሰለሽ? ይቺ ልጅ የተሻለ ገመድ ይዛ መጥታ ይሆናል ብዬ ገመዳቸውን አቀያየርኩ። ያው ነው። መልሼ አቀያየርኩ። ያው። ቴክኒሻኗ ግንባሯን ይዛ ሳቀች። ሰማያዊውን መረጥን፤ የተጫዋች ላብ ሳይሆን ጣትሽን ስላሳየን።

ዜናው አለቀ። አንባቢው ወረቀቱን ሲሰበስብ አንቺ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀርተሽ ነበር። እጅሽን አንስተሽ የጆሮሽን ጫፍ ያዝሽና ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረግሽው። እናትሽ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ከዚያ ጣትሽን ከዓይንሽ ሥር አድርገሽ ቆዳውን ትንሽ ወደ ታች ሳብሽ። ከዚያ ጠፋሽ።

ዓይንሽን በልቶሽ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ጠበቅሁ፤ መጀመሪያ ጆሮሽን፣ ቀጥሎ ዓይንሽን። በሦስተኛው ቀንም። ሰባት ቀን ሙሉ ፈተሽኩሽ፣ አመሌን ታውቂዋለሽ። በብርሃን አየሁሽ፣ ጠርዙን ሞከርኩ። እውነተኛ ነሽ። ውሸታም ብዬሽ እንኳ ከሰላምታሽ አላወጣሽኝም። ለእናትሽ አይገርመኝም፤ ለእኔ ግን ለምን? ስምንት ወር በየቀኑ ሰላም ስትይኝ እኔ ፕላስተር ለጥፌ ተቀምጬ ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ። ውሸታም ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

እናትሽንም አትቀየሚያት። የጻፈችልሽ ያኔ እውነት አልነበረም፤ አሁን ግን ሆኗል። ከምሳ በኋላ በየቀኑ ታስተምረኛለች። ጣቴ እንጨት ነው፤ ስሳሳት እጄን ትመታኛለች፣ ታስደግመኛለች፣ የምሬን መማሬን ትጠራጠራለች። እይው እንግዲህ፣ በዚህ ቤት መጠርጠር የእሷ ተራ ሆነ።

ዜናው ሲያልቅ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመን እንመልስልሻለን። እኔ ጉንጬን እነካለሁ፣ ከዚያ የተማርኩትን ይቅርታ እላለሁ። አንቺ ግን ከዚያ ማዶ ሆነሽ አታይንም። ይህን የሚያሳይሽ ዲሽ የለም፣ ምስክር አላቆምኩም፣ ማስረጃም የለኝም። አንቺ ጥግ ላይ ነኝ ስትዪኝ ያቃተኝን እኔ ዛሬ ካንቺ እለምናለሁ፤ ሳታዪኝ እመኚኝ።

በየቀኑ፣ ዜናው ሲያልቅ፣ ጉንጩን የሚነካው
አባትሽ