በሽማግሌ ከሜዳ የወጣው ወንድማችን

ይድረስ ለወንድሜ ለዩሱፍ፣ በጎሬ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጎሬ ዝናብ ተስማማህ ወይስ ያ ሳልህ ተነሣብህ? የምታስተምራቸው ልጆች ያዳምጡሃል? የሚያበስልልህ ሰው አገኘህ ወይስ እስካሁን ዳቦ በሻይ እየነከርክ ነው የምትውለው? ማታ ማታ ብርድ አለ ብለህ ጽፈህ ነበርና እማዬ ያንን ወፍራም ጋቢ ለምን አልወሰደም እያለች እስካሁን ትቆጫለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። አባባ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። እማዬም ደህና ናት፣ እህታችን አልፊያም በትምህርቷ በርትታለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ተናድጃለሁ፣ ዩሱፍ። ከእሑድ ጀምሮ አንጀቴ እየተቃጠለ ነው የምውለው። ትናንት ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ልኩን አሳጠርሽብኝ ብላ ብትነጫነጭ ጨርቁን ከእጇ ነጥቄ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እማዬ አንቺ ልጅ ይህ አመልሽ ከሰው ሁሉ ያጣላሻል አለችኝ። ከሰፈሩ ጋር ተጣልቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ስለዚህ አረፍ በልና አንብበው፣ ተራህ ይደርሳል።

ነገሩ የወንድማችን የሀያቱ ነገር ነው። ዘንድሮ ኳሱ አልሆነለትም። ይህን አልክድም፣ እኔም ዓይን አለኝ። ኮሌጁ አንተን ለአንድ ዓመት አገልግሎት አስተማሪ አድርጎ ከላከህ ወዲህ የሰፈራችን ቡድን አንዴ ሲሸነፍ አንዴ አቻ ሲወጣ ነው የከረመው። አምና አንተ በግራ ክንፍ፣ እሱ መሐል ሜዳ ሆናችሁ ስትጫወቱ ሰው ለማየት ከጦር ኃይሎች ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ሀያቱ ኳስ ሲይዝ ሰው ፊቱን ያዞራል። ቀና ሳይል ይለጋታል፣ ኳሷም ማንም ሳይነካት ከመስመር ትወጣለች። አንዱ ከኋላዬ ቆሞ ይህ ልጅ ለጂን ነው እንዴ የሚያቀብለው ሲል ሰምቼ ዞሬ እስኪበቃው ነግሬዋለሁ። ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች ብሎ አጉረመረመ። ወንድሜን ላይ ነው የመጣሁት፣ አንተ የማንን ልታይ መጣህ አልኩት።

እሱስ ይሁን፣ ሜዳ ላይ ሰው ብዙ ይላል። የጋሽ ገረሱ ሻይ ቤት ነው የባሰው። ታውቀዋለህ፣ ፌርማታው አጠገብ ያለው፣ አምና ዋንጫ ስትበሉ ሀያቱን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ማዞሪያው ድረስ ሲጨፍሩ የነበሩት ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት። ዘንድሮ እዚያው ቤት ቁጭ ብለው ሀያቱ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጥ አይቀመጥ እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ባለታክሲው ዱባለ ሰይቼንቶ መኪናውን ደጅ ላይ አቁሞ፣ ሞተር እንኳ ሲያረጅ ይወርዳል፣ ሀያቱ ይውረድና ተጠባባቂው ልጅ ዳኛቸው ይግባ ይላል። ሌላው ደግሞ ልጁ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፣ ታገሡት ይላል። ጋሽ ገረሱ መቼም የጡረታ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ ሁሉ ነገር ጦር ሜዳ ይመስላቸዋል፤ የደከመ ወታደር ከግንባር ይነሣል፣ ነውር የለውም ይላሉ። እኔ ስኳር ልገዛ ገብቼ ይህን ስሰማ ስኳሩን ትቼ፣ አምና በትከሻችሁ ያወጣችሁት ልጅ ዘንድሮ ምን በደላችሁ አልኳቸው። ስወጣ ሳቅ ሰማሁ።

አሰልጣኙ ቡልቻ፣ አላህ ይባርከው፣ አልሰማቸውም ነበር። ሜዳ ላይ ቢጮሁበት፣ መንገድ ላይ ቢይዙት፣ ቡድኑን የማሰልጥነው እኔ ነኝ፣ ሀያቱን አላስቀምጥም ብሎ ድርቅ አለ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩበት! በአላህ እልሃለሁ፣ ኳስ በሽማግሌ! ለጋብቻ፣ ለደም እርቅ፣ ለመሬት ጠብ የሚላከውን ሽማግሌ አንድ ኳስ ተጫዋች ልጅ ለማስቀመጥ ላኩት። ቡልቻ እምቢ ሊለው የማይችለው ሰው ማን ነው ብለው ሲያስቡ ማንን አገኙ መሰለህ? አባባን! ባለፈው ዓመት ሚስቱ ሰርኬ ከእሱ ተጣልታ እናቷ ቤት ስትገባ ለምነው የመለሷት አባባ ናቸውና ቡልቻ እሳቸው ፊት ቀና ብሎ አይናገርም።

አሁን የምነግርህን ሳትስቅ ስማኝ። ወይም ሳቅ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ለአባባ የነገራቸው ሰው የለም! ዱባለ ጋሽ ገረሱ ነግረዋቸዋል ብሎ፣ ጋሽ ገረሱ ዱባለ ነግሯቸዋል ብለው፣ ዝም ብለው ለሽምግልና ወደ ቡልቻ ቤት ይምጡልን ብቻ ተባሉ። አባባ ደግሞ የቡልቻ እህት ገነት ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ የአንዱን ጎረቤት ልጅ ልናጋባ ነው ብለው ደስ ብሏቸው፣ ነጩን ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ አዲሱን ጋቢ ለብሰው ገና በማለዳ ወጡ። ቡልቻም ሦስት ሽማግሌ፣ አባባን፣ ጋሽ ገረሱንና ዱባለን፣ ደጁ ላይ ሲያይ ገነትን የሚጠይቁ መስሎት ኮቱን ለበሰ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰርኬ ናት፣ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር።

ግቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባባ መረቁ። ለቤቱ ለትዳሩ ሁሉ መረቁና ወደ ጋሽ ገረሱ ዞር ብለው ለመሆኑ ልጁ የማን ነው አሏቸው። ጋሽ ገረሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጣነውማ ስለ ሀያቱ ነው አሉ። አባባ ደንግጠው፣ ለሀያቱ? እኔ አባቱ ሳልሰማ? አሉ። ጓዳ ውስጥ ገነት ፊቷን በነጠላ ሸፈነች አለችኝ ሰርኬ። ከዚያ ዱባለ ከጋብቻ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ፣ ሀያቱ ከቡድኑ ተነሥቶ እንዲቀመጥ ሊለምኑ እንደመጡ እየተንተባተበ ተናገረ።

አባባ ዞረው መውጣት ይችሉ ነበር። እኔ ብሆን ዱባለን ታክሲው ውስጥ ከትቼው ነበር የምወጣው። እሳቸው ግን ቡልቻን አይተው፣ እኔ ኳስ አላውቅም፣ የላኩኝ ሰዎች ሀያቱ ይቀመጥ ብለዋል፣ የተላክሁትን አድርሻለሁ፣ እንደ ሽማግሌ እለምንሃለሁ፣ እንደ አባት ግን ምንም አልልህም፣ እንደ አባት አልመጣሁምና አሉት። ቡልቻ ዓይኑ እንባ ሞላ አለች። ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ፣ ያውም አባባ፣ እምቢ ይላል? እሺ አለ። እነሱም ተቀመጡ።

ቤት ሲመለሱ ጮኽሁባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በአባቴ ላይ ጮኽሁ። ምናለ እምቢ ብለው ቢመለሱ አልኳቸው። ሽማግሌ ሆኖ ደጅ ድረስ ሄዶ የተላከውን ውጦ የሚመለስ ሰውን ከዚያ ወዲያ ማን አምኖ ይልከዋል፣ ሰርኬስ ደግማ ብትኮርፍ በምን አፌ ለምኜ እመልሳታለሁ አሉኝ። ለሀያቱም ራሳቸው ነገሩት፣ እራት ላይ። ከማንም እንዳይሰማ እኔው ልንገረው ብለው ነው። ሀያቱ የጎረሰውን ዋጠና ተነሥቶ እጁን ታጠበ። በማግስቱ የኳስ ጫማውን ጠርጎ ለዳኛቸው ሰጠው። ልምምድም መሄድ ተወ። ቡልቻ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ለዋንጫው ጨዋታ ቦታህን አልሰጥብህም፣ ብቻ ልምምድ ና ብሎ ቢለምነው እንኳ አልወጣለትም። ለእሑዱ ጨዋታ በስንት ልመና ተጠባባቂ ሆኖ ሄደ፤ ያውም አባባ ውጣ ስላሉት ነው።

እሑድ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል አባባ አስከትይኝ አሉኝ። በሕይወታቸው ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም፣ አንተ ስትጫወት እንኳ ሄደው አላዩህም። ሜዳው ዳር ደርሰን እኔ ከሕዝቡ ጋር እንቆማለን ስል እሳቸው ቀጥ ብለው ተጠባባቂዎቹ ወደሚቀመጡበት አግዳሚ ሄዱ። ቡልቻ ብድግ አለላቸው። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ብቻውን አይቀመጥም አሉና ሀያቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ቆሞ ያይ ነበር። ጋሽ ገረሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ።

አሸነፍን። ሁለት ለባዶ። ይኸው ጻፍኩት፣ እሬት ነው አፌ ውስጥ ያለው። ዳኛቸው ደህና ተጫወተ፣ ልጁ ምን ያድርግ፣ ጥፋት የለበትም። ሕዝቡ ሲጮህ እኔ የወንድሜን ማጅራት ነበር የማየው። ሰኞ ጋሽ ገረሱ ሱቅ ድረስ መጥተው ሃጂራ ልጄ፣ አየሽ እንዳልነው ሆነ አሉኝ። እርስዎ ሻይዎን ይሽጡ እንጂ ሰው አያስነሡ፣ አያስቀምጡ አልኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም።

አሁን ተራህ ደረሰ። ጨዋታው መሐል ላይ አባባ፣ ቀይ የለበሱት የእኛ ናቸው ወይስ የእነሱ፣ ያ ሰውዬ ለምን ያፏጫል እያሉ ሀያቱን ይጠይቁታል፤ እሱም ቀስ በቀስ ያስረዳቸው ጀመር። ያን ያህል ሲናገር ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። በኋላ አባባ፣ ሰዎቹ ኳሱን ማንም ወደሌለበት ትመታለህ ይሉሃል፣ ለማን ነው የምትመታው ብለው ጠየቁት። ለዩሱፍ አላቸው። ዩሱፍማ ጎሬ ነው አሉት። አውቃለሁ አባባ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግሬ ነው የማያውቀው አለ። አባባ ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አልጠየቁትም፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉለት።

አየህ ያደረግኸውን? ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ያን ልጅ ዞር ሳይል እንዲያቀብልህ አስለመድከው። ከዚያ የጎሬው መኪና በንጋት ሲመጣ ተኝቷል አትቀስቅሱት ብለህ ሄድክ። አዝነህለት መሰለህ? ለራስህ ነው ያዘንከው፣ ሲያለቅስ እንዳታየው። ሀያቱ ተነሥቶ አልጋህን ባዶ ሲያገኘው ምን እንዳለ ታውቃለህ? ኳስ ሊጫወት ቀድሞኝ ወጣ እንዴ አለ። ጫማውን አድርጎ ሜዳ ሄደ! እማዬ ናት ሄዳ የነገረችው። ከዚያ ወዲህ በምትልከው ደብዳቤ ሁሉ ሀያቱን ከጎረቤት ጋር ደርበህ ሰላም በሉልኝ ትላለህ። ጋሽ ገረሱና ዱባለ ሽማግሌ ላኩበት፣ አንተ ግን አንድ መስመር እንኳ አልላክህለትም። ከሁሉ ያናደድከኝ አንተ ነህ።

ስለዚህ አደራህን፣ ይህ እንደደረሰህ ለሀያቱ ለራሱ ጻፍለት። ምክር አያስፈልገውም፣ በርታ ጠንክር የሚለውን እኛም ብለነዋል። አንድ ነገር ብቻ ንገረው፤ በግራ በኩል እንደሌለህ፣ እንደሄድክ፣ ሳትሰናበተው እንደሄድክ በራስህ እጅ ጻፍለት። እኛ ብንነግረው አላመነንም። የዋንጫው ጨዋታ ከአረፋ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነውና ከዚያ በፊት ይድረስለት።

አባባ ምርቃታቸውን ልከውልሃል፣ ሶላትህን አትተው ብለዋል። እማዬ ጋቢውን መኪና ስታገኝ እንደምትልክልህ፣ እስከዚያ ደረትህን እንድትሸፍን ትላለች። አልፊያ የጎሬ ማር እንዳትረሳ ብላለች። ቡልቻና ሰርኬ እጅ ነስተዋል፤ ገነትም እንደዚሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሀያቱን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ጋሽ ገረሱም ሰላም በይልኝ ብለውኛል፣ አልነገርኩህም በል። ሀያቱ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ግን ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ከጎሬ የሚመጣ ደብዳቤ በየትኛው ቀን ነው የሚገባው ብሎ ጠየቀኝ።

እህትህ ሃጂራ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 2 ቀን 1964 ዓ.ም.